ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የቤዝ ችግር የትኛው ጥገና፣ የትኛው ስፒከር ይሻላል?

የኤሌክትሮኒክ ኦርጋን ቤዝ ሲደክም ምእመናን የሚደገፉበት የመዝሙሩ መሠረት አብሮ ስለሚጎድል፣ ብዙዎች ቶሎ ብለው ትልቅ ስፒከር ወደ መግዛት ይሄዳሉ። የእኔ ጥቆማ ግን ግዢው እንዲዘገይና በመጀመሪያ ጥፋቱ እንዲለይ ነው። በብዙ ኦርጋኖች የእግር ቁልፎቹ ድምፅ የራሱ ማጉያና የራሱ ስፒከር ስላለው፣ የእጅ ቁልፎቹ ጥርት ብለው እየተሰሙ ቤዙ ብቻውን ሊጠፋ ይችላል፤ ይህም ምርመራውን በእጅጉ ያቀልላል።

ኦርጋኑን አጥፍታችሁ የቤዙን ስፒከር ገመድ በደህና ወደሚሠራ ሌላ ማጉያ አዛውሩትና ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ የማጉያውና የስፒከሩ የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ልክ መስማማቱን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ችግሩ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም የገመዱ ነው፤ ካልተከተለው ማጉያው ወይም ከማጉያው በፊት ያለው ክፍል ይመረመራል። ገመዱ ተነቅሎ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 8 ኦም የተባለ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ንባብ ካልሰጠ ኮይሉ (በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል።

በአሮጌ ኦርጋኖች ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው በኮኑ (ድምፅ በሚያወጣው የስፒከሩ ተርገብጋቢ ክፍል) ዙሪያ ያለውን የስፖንጅ ጠርዝ ነው። ይህ ስፖንጅ ባይሠራበትም እንኳ በዕድሜና በእርጥበት ይበሰብሳል፤ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቤዙ የሚንጣጣበትና ጉልበት የሚያጣበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ላይ ምርጫዬ ጠርዙን ብቻ የሚቀይር የስፒከር ጠጋኝ ነው፤ ዋናው ኮንና ማግኔት ስለሚቀሩ ለሳጥኑ የተመጠነው ድምፅ ሳይለወጥ ይመለሳል። ባለሙያውን ስትመርጡ ኮይሉን መሃል ለመሃል እንዴት እንደሚያቆም፣ ሙጫው እስኪደርቅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጠይቁት፤ ተጣድፎ በዚያው ሰዓት የሚያስረክብ ሰው አያስተማምንም። ኮኑ በጣቶች ቀስ ተብሎ ሲገፋ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ግን ጠርዝ መቀየር ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል፣ ኮይል ጭምር የሚቀይር ባለሙያ ፈልጉ።

ቁልፍ ሳይነካ የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የደረቁ የኃይል ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ወይም የምድር ሽቦ ችግር ናቸው። ይህን ማጉያ የሚጠግን ማንኛውም ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል፤ ጥፋቱ ድምፁን ከሚያመነጨው ካርድ ከሆነ ግን የኦርጋን ባለሙያ ብቻ ይንካው። ካፓሲተሮቹ ኦርጋኑ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን ባይከፍት ይመረጣል። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የምድር ሽቦ የሚቆርጥ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስፒከሩ ከጥገና ካለፈ ምርጫው በድምፁ ጥልቀት ይወሰን። የኦርጋን ድምፅ ጥልቀት በቧንቧ ርዝመት በጫማ ይጠራል፤ የ16 ጫማ ድምፅ ዝቅተኛው ዶ 32.7 ሄርዝ (በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) ገደማ ሲሆን፣ የ32 ጫማው ደግሞ 16.4 ሄርዝ አካባቢ ይደርሳል። ለመድረክ ሙዚቃ የሚሸጡት ሰብዉፈሮች (የቤዝ ብቻ ስፒከሮች) ብዙዎቹ ከ40 ሄርዝ በታች እየደከሙ ስለሚሄዱ፣ ከበሮን ቢያደምቁም የእግር ቁልፎቹን የመጨረሻ ዝቅተኛ ኖታዎች ይበላሉ። የቤት ሲኒማ ሰብዉፈሮች አንዳንዶቹ ጠለቅ ብለው ይወርዳሉ፤ ነገር ግን የኦርጋን ኖታ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ስለሚቆይ ትንንሾቹ ይሞቃሉ፣ ድምፅ ሲጠፋ ራሳቸውን የሚያጠፉትም ለቀጣዩ መዝሙር ዘግይተው ይነቃሉ። ስለዚህ ለትልቅ አዳራሽ እስከ 30 ሄርዝ በሙሉ ጉልበት የሚወርድ፣ 15 ኢንች ዉፈር (ቤዝ የሚያወጣ ስፒከር) ያለው ትልቅ ሳጥን እመርጣለሁ። 32 ጫማ የሌለው ኦርጋን ግን ከዚያ በታች ለሚወርድ ስፒከር ተጨማሪ ወጪ ማውጣት አያስፈልገውም።

አዲስም ሆነ የተጠገነ ስፒከር ሲገጠም ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ፖላሪቲ ነው፤ ከሁለት ስፒከሮች የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በአንዱ ላይ ገመዶቹን አቀያይሮ ማዳመጥ በቂ ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። የ32.7 ሄርዝ ሞገድ 10.5 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ከግድግዳ ተመልሶ በአንዳንድ ቦታ ሲደምቅ በሌላው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ኦርጋኒስቱ የሚቀመጥበት ቦታም እንዲህ ካለው ጸጥተኛ ስፍራ ሊሆን ይችላልና፣ ስፒከሩ ተበላሽቷል ከመባሉ በፊት አንድ ሰው ዝቅተኛውን ኖታ ይዞ ሳለ ሌላው በየመቀመጫው እየተዘዋወረ ያድምጥ።