የሆኪ ማሊያ ላይ 50፣ 52 የሚለው ምንድን ነው? ሳይዝ የሚያውቅ ይርዳኝ

የኤድመንተን አባት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፣ ስለ ሆኪ የማውቀው ልጄ ያስተማረኝን ብቻ ነው። ልጁ 10 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ በረዶ ላይ መጫወት ጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን በሙሉ ኦይለርስ (የከተማችን የሆኪ ቡድን) ሆኗል። ለልደቱ የቡድኑን ኮከብ የማክዴቪድን 97 ቁጥር ልገዛለት ሱቅ ገባሁና ግራ ተጋብቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። የልጆቹ ላይ ያለው ስሞል-ሚዲየም እና ላርጅ-ኤክስኤል ብቻ ነው። የአዋቂዎቹ ደግሞ አንዱ መስቀያ ላይ ላርጅ ይላል፣ አጠገቡ ያለው 46፣ 50፣ 52፣ 54 ይላል። የወገብ ነው? የደረት ነው? ሻጩን ብጠይቀው "ለክተህ እየው" ብሎኝ ሄደ።

ባለፈው ለራሴ በኦንላይን ላርጅ አዝዤ ሆዴ ላይ ተወጠረ። ልጄ "አባዬ ትራስ መስለሃል" ብሎ ሳቀብኝ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ስላሳተምኩበት አይመለስም ተባልኩ። ስለዚህ ሁለተኛ እንዳልሸወድ ነው። ለልጁ የትኛውን ልያዝ? ለኔስ? አገር ቤት ያሰፋሁት ኮት 52 ነው፣ ይረዳ እንደሆነ። ደግሞ አሰልጣኙ የልምምድ ማሊያ ግዛለት ብሎኛል፣ የልደቱን ለሁለቱም ቢለብሰው አይሆንም?

እናት ከካልጋሪ

ወንድሜ ብዙ አታስብ፣ ትልቁን ግዛለት። ልጅ ነው፣ ያድግበታል። እኔ ለልጄ የገዛሁት የመጀመሪያ ዓመት ጉልበቱ ደርሶ ነበር፣ አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ልክክ ብሎለታል። በዚህ ኑሮ ውድነት በየዓመቱ ማሊያ የሚገዛ ማነው?

ግራ ክንፍ

እህቴ ለቤትና ለትምህርት ቤት ከሆነ ልክ ነሽ። በረዶ ላይ ግን አይሆንም። እጅጌው ጓንቱ ላይ ይወርዳል፣ የዱላው ጫፍ ከታች ያለው ጨርቅ ውስጥ ይገባል፣ ልጁ ኳሷን ትቶ ከልብሱ ጋር ይታገላል። (ኳስ አልኩ፣ ፓክ ማለቴ ነው፣ አትሳቁብኝ።) ታዋቂው የሆኪ ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪ ለምን ማሊያውን በቀኝ በኩል ብቻ ሱሪው ውስጥ ይከት እንደነበር ታውቃላችሁ? በ6 ዓመቱ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ነበር የሚጫወተው፣ ማሊያው ስለሚሰፋው ዱላው ይያዝበት ነበር። አባቱ በዚያ በኩል ሸጎጡለት፣ ልማዱም ትልቅ ሰው ሆኖ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አትፍራቸው። ተጫዋቾቹ የሚለብሱትን ዓይነት፣ ኦሪጅናሉን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2024 ይሠራ የነበረው አዲዳስ ነው፣ ከ2024-25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ፋናቲክስ ተረከበ። ሱቆች ውስጥ የሁለቱም ሊኖር ይችላል። በአዲዳሱ 46 ስሞል ነው፣ 50 ሚዲየም፣ 52 ላርጅ፣ 54 ኤክስኤል፣ 56 ደግሞ ባለ ሁለት ኤክስ። ከ46 ዘሎ 50 ይላል፣ 48 ፈልገህ እንዳትደክም። በፊደል ብቻ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለደጋፊ የተሠራው፣ ዋጋው ቀለል የሚለው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ማሊያውን ገልብጠህ ከኋላ በውስጥ በኩል እየው። ኦሪጅናሉ ላይ ጠንካራ ማሰሪያ ተሰፍቷል፣ ከሱሪው ጋር የሚታሰር። የድብድብ ማሰሪያ ነው። ሲደባደቡ አንዱ የሌላውን ማሊያ ጭንቅላቱ ላይ እንዳይገለብጠው ነው። የቡፋሎ ቡድን ተጫዋች የነበረው ሮብ ሬይ ጠብ ሲጀመር ማሊያውን አውልቆ ስለሚገባ (የሚጨበጥ ነገር የለማ!) ነው ደንቡ የጠበቀው። አሁን ሳያስር ተደባድቦ ማሊያው የወለቀበት ከጨዋታ ይወጣል። ለልጅህ ንገረው፣ ከማሊያው ይልቅ ይሄ ነው የሚያስደስተው።

የልደቱን ለልምምድ? ተው። የልጆች የደጋፊ ማሊያ ለመከላከያ ተብሎ አልተቆረጠም፣ የትከሻ ፓድ ስትጨምርበት ብብቱ ጋ ይይዘዋል። የልምምድ ማሊያ ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቢቀደድም አያሳዝንም። የቡድኑን ደግሞ ብዙ ጊዜ ክለቡ ይሰጥና ዓመቱ ሲያልቅ ይቀበላል፣ በላዩ ላይ ምንም ነገር በካውያ እንዳትለጥፍ። እና ልጁ 97 ልልበስ ብሎ ቢያለቅስ ቀድመህ አዘጋጀው። በብዙ ክለቦች ትናንሾቹ ቁጥሮች ትናንሽ ማሊያዎች ላይ ናቸው፣ ቀጭኑ ልጅ 4 ወይ 5 ይደርሰዋል።

ልብስ ሰፊዋ፣ ቶሮንቶ

ሁላችሁም ስለ ሳይዝ ታወራላችሁ፣ የለካ ሰው ግን አላየሁም። ስሙማ። የሚመችህን ሁዲ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ እጥፋቱን በእጅህ አስተካክለው፣ ከብብት እስከ ብብት በሜትር ለካ። የባሌ 58 ሴንቲ ነው፣ ዙሪያው 116 ማለት ነው። ከዚያ ሱቅ ስትሄድ ሜትርህን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ማሊያውን እንደዚያው ዘርግተህ ለካው። ኦንላይን ከሆነ የሻጩን የልክ ሰንጠረዥ አንብብ፣ የሰውነት ልክ ይሁን የልብሱ ልክ መጀመሪያ እየው። ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ደረትህ 110 ሆኖ የ110 ልብስ ብትለብስ መተንፈሻ የለህም።

የኮትህ ነገር ደስ ብሎኛል። አገር ቤት የምንሰፋው በአውሮፓ ቁጥር ነው፣ 52 ኮት እዚህ 42 የሚሉት ነው፣ 10 ቀንስበት። የማሊያው 52ም ላርጅ ስለሆነ ከኮትህ ጋር ይቀራረባል። ግን ኮት ሆድን ይሸፍናል፣ አይዘጋም ቢባል ክፍት አድርገህ ትሄዳለህ። ማሊያ ቁልፍ የለውም! ያ ላርጅ የተወጠረብህ ደረትህ ላይ ሳይሆን ሆድህ ላይ ነው ብለሃል፣ ስለዚህ ሆድህንም ለካ፣ ሳትስበው። ሁዲ ደርበህ የምትለብስ ከሆነ 54 ያዝ።

ለእህቶች ደግሞ አንድ ነገር። "የሴት" ተብሎ የሚሸጠው ወገቡ ላይ ገባ ብሎ ነው የሚቆረጠው፣ እጅጌውም አጠር ይላል። ሰፋ ያለ የምትወዱ ከሆነ ከወንዱ ትንሹን ውሰዱ።

የኤድመንተን አባት

ኧረ ተባረኩ! ትናንት ማታ ሜትር ከጎረቤት ተውሼ ለካሁ። ልጄን በቲሸርት ስለካው ስሞል-ሚዲየሙ ይበቃዋል፣ ፓዱን አልብሼ ስለካው ሌላ ልጅ ሆነ፣ ትከሻው ብቻ በር ያክላል። ስለዚህ የልደቱን ስሞል-ሚዲየም፣ የልምምዱን ለብቻው ሰፊ ገዛሁ። የካልጋሪዋ እህቴ ትቀየመኛለች እንጂ አላሳደግኩበትም።

ለራሴ 54። የምለብሰው ልጁ ሲጫወት ቁጭ ብዬ ሳይ ነው፣ አዳራሹ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ወላጅ ብርድ ልብስ ሲያመጣ እኔ ጋቢ ነው የምደርበው፣ ከስር ሁዲ። ማሰሪያውንም አየሁት። ልጁ የሮብ ሬይን ታሪክ ሲሰማ ወዲያው "የኔስ ለምን የለውም?" ብሎ አኮረፈ።

እናት ከካልጋሪ

አልቀየምም፣ በሚቀጥለው ዓመት ታየኛለህ። እጁ ክርኑ ላይ ሲቀር ትደውልልኛለህ።

ግራ ክንፍ

ስታጥቡት ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሳትከቱ። ወንበር ላይ ዘርጉት። ቁጥሩ የሚላጠው በሙቀት ነው።

የኤድመንተን አባት

እሺ። ያቺ የተወጠረችዋ ላርጅ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አለች፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የተለበሰችው። ከብብት ብብት 57 ሴንቲ። ጀርባዋ ላይ "አባዬ" ይላል፣ ችግሯ እሱ ነው። በግማሽ ዋጋ የሚወስድ ካለ?

ግራ ክንፍ

እኔም አባዬ ነኝ። ስንት ነው?