ከተበተንበት ተመልሰናል፤ የሕክምና ተማሪዎችን መልሶ የሚያሰባስብ ምን ዘዴ አለ?

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪና የክፍል ተወካይ ነኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ትምህርት ተቋርጦ ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ገሚሳችን እዚሁ ከተማ ቀረን፤ ሌሎቹ ወደ ዳንግላና ወደ ደብረ ታቦር፣ ጥቂቶቹም ስልክ ለመደወል ኮረብታ መውጣት ግድ ወደሚልበት ገጠር ገቡ። አሁን ተመልሰን ዋርድ (በሆስፒታል የሕሙማን ክፍል መማር) ጀምረናል፤ ክፍሉ ግን የቀድሞው ክፍል አይደለም። ቀድሞ ከራውንድ (በሽተኞችን ዞሮ ከማየት) በኋላ ከአንድ ትሪ እንበላ የነበርን ሰዎች ዛሬ ማስካችንን እንዳደረግን ወደየዶርማችን እንበታተናለን። ከመካከላችን ሁለቱ በእነዚያ ወራት ወላጅ አጥተዋል፤ እኛ የሰማነው ከተመለስን በኋላ ስለሆነ ለቅሶ የደረሳቸው የክፍል ጓደኛ የለም። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል።

የቴሌግራም ቡድን አለን፤ ነገር ግን ከፈተና መርሐ ግብርና ከመጻሕፍት ፋይል በቀር የሚላክበት ነገር የለም። አሁን ተማሪዎችን ለመደገፍ የሚረዳ ሐሳብ አቅርቡ ተብለናል። አዳራሽ ሞልተን ስለ ጭንቀት ገለጻ ከማዳመጥ የተሻለ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሞከራችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም)

ወንድሜ፣ እኛ የሞከርነውን ልንገርህ። በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት፣ ክልከላውን ራሱን መለኪያ አድርገን ቡድኖቻችንን አራት አራት ሰው አደረግናቸው። በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ኢንተርን፣ ሁለት የክሊኒካል (ዋርድ የገቡ) ተማሪዎችና አንድ ገና ዋርድ ያልገባ ተማሪ ነበሩ። እኩል ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎች ብቻ ሲገናኙ ወሬው ሁሉ ስለ ፈተና ይሆናል፤ ታላቅና ታናሽ ሲቀላቀሉ ግን ታናሹ የሚጠይቀው፣ ታላቁም የሚያስብለት ሰው ያገኛል። መገናኛችን ተራ የስልክ ጥሪ ነበር፤ ኢንተርኔት የሌለው ጓደኛ እንዳይቀርብን ነው።

ከቡድኖቹ ብዙዎቹ ቆዩ፤ ሁለቱ ግን ወር ሳይሞላቸው ፈረሱ። ምክንያቱን ስናጣራ ሁልጊዜ የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ እርሱ ሲደክመው ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የደዋይነቱን ተራ እንደ ዕቁብ በዕጣ አወጣን፤ ዕጣ የደረሰው ሰው በዚያ ሳምንት የሦስቱን ደኅንነት የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ያን ጊዜ እኔ በሽታውን ለእናቴ እንዳላደርስ ፈርቼ በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ለብቻዬ እበላ ነበር። ይህን ፍርሃቴን የተናገርሁት ገና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለነበረች ደዋይ ነው፤ ለእኩዮቼ አልተናገርሁም። ምክንያቱን ዛሬም በደንብ አላውቀውም።

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ሐኪምና መምህር

የቀረበው ሐሳብ መልካም ነው፤ ሆኖም የቡድን ጓደኛ ሊሸከመው የማይገባ ነገርም አለ። ወረርሽኙ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመና ከብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን በአንድ ባጠቃለለ ጥናት፣ የድብርት ምልክት የታየባቸው የሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ምልክቱ ከታየባቸው መካከል ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቹ ሐኪም ቤት ውስጥ እየዋሉ የማይታከሙት ለምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በእኔ ዕይታ ዋናው ምክንያት የሚያዳምጣቸውና ነጥብ የሚሰጣቸው ሰው አንድ መሆኑ ነው። እኔ በተማርሁበት ኮሌጅ አንድ ጓደኛዬ እንቅልፍ እንዳጣ ለመምህሩ በምስጢር ነገረው፤ በሳምንቱ በሽተኛ አልጋ አጠገብ፣ በሁላችን ፊት፣ «አንተማ እንቅልፍ የለህም» ተብሎ ተሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን አፉን የከፈተ ተማሪ አልነበረም። ስለዚህ በምታቀርቡት ሐሳብ ላይ አድማጩ የማይፈትን፣ የማይመዝን ሰው እንዲሆን በግልጽ ጻፉ፤ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል።

ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ከትምህርቱ ካስቀረው፣ ጓደኛችሁን ወደ ባለሙያ አድርሱት። መሞትን የሚመኝ ንግግር ከሰማችሁ ደግሞ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስደው ቢፈልግ አትከራከሩ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ማድረግ ይቻላልና።

መልስ፦ ሌላዋ ተማሪ

ከሁሉ በፊት ማስክና ጓንት ይሟላ። በቂ መከላከያ ሳይሰጡ ተማሪን ዋርድ አስገብቶ «ተረጋጉ» ማለት ቀልድ ነው። በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው መጋቢት ወር «ማኅበራዊ ርቀት» የሚለውን ትቶ «አካላዊ ርቀት» ማለት የጀመረው፣ መራቅ ያለበት አካላችን እንጂ ማኅበራዊ ግንኙነታችን እንዳልሆነ ለማመልከት ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ መቀራረብ ካስፈራን ሐይቁ ዳር አየሩ ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ስኒውን ይዞ ቢመጣ ከአቦል እስከ በረካ ተራርቆ ተቀምጦ መጠጣት ይቻላል።

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለአራት ሰው ቡድኑንና የዕጣውን ነገር እንዳለ ወስጄዋለሁ፤ አድማጩ ነጥብ ሰጪ እንዳይሆን የሚለውን ደግሞ የሐሳቡ የመጀመሪያ አንቀጽ አድርጌዋለሁ። የመከላከያ ዕቃውን ጥያቄ ለብቻው በደብዳቤ እናቀርባለን። ለቅሶውን በተመለከተ፣ የመሰብሰብ ገደቡ ስለ ተነሣ፣ ዘግይተንም ቢሆን የሁለቱን ጓደኞቻችንን ቤተሰቦች ልንጠይቅ ወስነናል። የአንደኛው ቤት ደብረ ታቦር ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት መኪና እንይዛለን፤ ከክፍላችን ይህን የምታነቡና አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ እስከ ኀሙስ አሳውቁኝ።