ከመኪና ኋላ የሚገጠም ድንኳን፦ በሯ ወደ ጎን ለሚከፈት ራቭ ፎር መላ አለው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት (ደሴ)

ሰላም ወገኖች። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ አንድ ድንኳን ይዞልኝ መጣ። ብቻውን የሚተከል አይደለም። እንደ እጅጌ ያለ ሰፊ አፍ አለው። አፉ ክፍት የሆነውን የመኪና የኋላ በር ያለብስና ከጎማና ከፓራውልት ጋር በገመድ ይታሰራል። መኪናው መኝታ፣ ድንኳኑ ሳሎን ሆነ ማለት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ችግሬ መኪናዬ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2004 የተሰራች ራቭ ፎር ናት። የኋላ በሯ ወደ ላይ አይነሳም። እስኮርታ ጎማውን እንደተሸከመ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ትናንት ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። በሩ ባለበት በኩል ጨርቁ ተወጥሮ ሊቀደድ ደረሰ። በሌላው በኩል ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

በጥቅምት መጀመሪያ እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ሐይቅ ከተማ ሁለት ሌሊት ማደር እፈልጋለሁ። ውሃው ዳር ያለ ሎጅ ግቢው ውስጥ እንድንተክል ፈቅዶልናል። እናቴ 70 አልፏታል፤ ብርድ አትችልም። ድንኳኑን ልሽጠው ወይስ ይሆናል?

መልስ፦ የዶልፊን ሹፌር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ድንኳኑ ጥፋት የለበትም። የተሰራው ወደ ላይ ለሚነሳ በር ነው። የተነሳ በር ጣሪያ ይሆንለታል፤ ያንተ በር ግን ግድግዳ ነው የሚሆነው። ራቭ ፎር እስከ 2012 ሞዴል ድረስ በሩ ወደ ጎን ነበር። ወደ ላይ የሚነሳው ከ2013 ወዲህ የመጣው ነው። አሰፋፉን የጨርቁ ሰዎች ይነግሩሃል፤ እኔ ስለ ባትሪው ልንገርህ።

በሩ ክፍት ሲያድር የውስጥ መብራቱም በርቶ ያድራል። አንድ ጊዜ ቦሩ ሜዳ አድሬ ጠዋት ቁልፉን ባዞር «ጠቅ» ብቻ አለ። መኪናዬ ማንዋል ስለሆነች ተገፍታ ተነሳች። አውቶማቲክ ግን ተገፍቶ አይነሳም። ስለዚህ ከመተኛትህ በፊት የመብራቱን ማብሪያ አጥፋ። እሱ እምቢ ካለህ፣ በሩ ክፍት እንዳለ የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቪቴ ገፋ አድርገህ አስገባው። መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል። ጠዋት በሩን ከመግፋትህ በፊት ግን እጀታውን ስበህ ምላሱን መልስ። ረስተህ በኃይል ብትዘጋው መቆለፊያው ይሰበራል።

መልስ፦ ሸራ ሰፊው (ደሴ)

ልጄ፣ አትሽጠው። ፖርቶ መጋላ፣ ማለት ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ብረት፣ አለህ? ካለህ ነገሩ ቀላል ነው። ድንኳኑ በሩን ማቀፉን ይተውና ከፖርቶ መጋላው ላይ ይንጠልጠል።

እንዲህ አድርግ። የእጅጌውን አፍ በላይ በኩል ክንድ ተኩል ያህል በሚሆን ጨርቅ አስረዝመው። ጨርቁ ውሃ የማያስገባ ናይለን ይሁን። የጭነት መኪና ሸራ እንዳትጠቀም፤ ከብዶ የድንኳኑን ስፌት ይጎትተዋል። ጫፉ ላይ አራት ማሰሪያ አሰፋና ጨርቁን በጣሪያው ላይ አሳልፈህ ከፖርቶ መጋላው ጋር እሰረው። ክፍተቱ በቀረበት በኩል የቱታ ወገብ ላስቲክ ይግባበት፤ ራሱ እየሰበሰበ ይዘጋል። በሩ ባለበት በኩል ደግሞ ስፌቱን ፈትተህ እንደ ኪስ ያለ ጨርቅ ጨምርበት። በሩ ከነእስኮርታው ኪሱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል።

መርፌ በወጋው ሁሉ ውሃ ይገባል። ስፌቱን ከውስጥም ከውጭም በሻማ እሸው። ማሰሪያው ቀለም እንዳይፍቅብህ ከስሩ የአሮጌ ውስጥ ጎማ ቁራጭ አድርግ። ከማሰርህ በፊት ጣሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ ቀለም የሚጎዳው ገመዱ ሳይሆን ስሩ የሚቀረው አሸዋ ነው።

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ተረጋግታችሁ ኑ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ግን ድረሱ። በጨለማ ድንኳን መትከል ከባድ ነው።

ሰው ሁሉ የድንኳኑን በር ወደ ውሃው ማዞር ይወዳል። እኔ አልመክርህም። ከሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ነው የሚመጣው። የመኪናህን አፍንጫ ወደ ሐይቁ አድርግና መኪናዋ ነፋሱን ትመክትልህ። ዳሩ ወደ ውሃው ዘቅዘቅ ስለሚል ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ድንኳኑ አይመጣም። ስትተኙ ራሳችሁን ወደ ኋላው በር አድርጉ፤ አለዚያ ደም ራሳችሁ ላይ ይወርዳል።

ቁልቁል ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ማርሽ ውስጥ አስገባ፣ ከፊት ጎማዎቹ ፊት ትልልቅ ድንጋይ አድርግ። ይህን እንዳትረሳ፤ ልጆች ከመኪናው ፊት ለፊት ነው የሚሯሯጡት። ያ ከባድ በርም በቁልቁለት ላይ ራሱ ይመለሳል፤ እጅ ይቀጠቅጣል። ከፍተህ በገመድ ከካስማ ጋር እሰረው። የትንኝ አጎበር ያዙ። የተረፈ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጅብ ይሸተዋል።

መልስ፦ ነርሷ (ኮምቦልቻ)

እናትህ ብርድ አትችልም ስላልክ ፈራሁ። እባክህ ከሰል እንዳታስገባላት። የፋመ፣ ጭስ የሌለው ከሰል ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን 200 እጥፍ በሚሆን ኃይል ስለሚጣበቅ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል። የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቀው እንደተኛ ይቀራል። ቡናውን ውጭ አፍሉ፤ ምድጃውንም ውጭ ተዉት።

ሞተሩንም ለማሞቂያ ብላችሁ እንዳታስነሱ። ማርሚታው የሚተነፍሰው እዚያው ድንኳኑ ስር ነው። ለእናትህ ሞቅ ያለ፣ ግን ያልፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገህ በፎጣ ጠቅልልላት። እግሯ ስር አድርገው እንጂ ቆዳዋን አይንካው። ከበላይ ከሚጨመር ጋቢ ይልቅ ከስር የሚነጠፍ ፍራሽ ይበልጥ ያሞቃል፤ ብርዱ ከስር ነው የሚመጣው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አሰፋሁት። ዛሬ ግቢ ውስጥ ተክዬ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጣሪያው ላይ አፈሰስኩ። ኪሱ አንድ ጠብታ አላስገባም። ነገር ግን በላስቲኩ በኩል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ባለችው ቀጭን ቦይ ውሃው እየተንሸራተተ መጥቶ በስፌቱ ስር ገባ። ወርዶ ያረፈው ልክ የእናቴ ትራስ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። ሻማውን ሁለት ጊዜ አሸሁት፤ አልቆመም።

ሸራ ሰፊው፦

ስፌቱ አይደለም ልጄ፣ ሻማውን ተወው። ውሃ ቦዩን ይዞ ይሄዳል፤ ጨርቅህ ደግሞ ቦዩ ላይ አልተኛም። የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ጠምዝዘህ እንደ ገመድ አድርገውና ከጨርቁ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀደም ብለህ ቦዩ ውስጥ ጠቅጥቀው። አንዱን ጫፍ ወደ ውጭ አንጠልጥለው። ውሃው ጨርቁን ይዞ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። እሱንም በአንድ ጀሪካን ሞክረውና ንገረኝ።

ጠያቂው፦

ሞከርኩት ጋሼ። ትራሱ ደረቅ ነው።