ዴካ ሜትር፦ ስሙን እናውቀዋለን፣ የሚሠራው ግን የት ነው?

አንድ ሰው «ዴካ ሜትር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አጭሩ መልስ፦ 10 ሜትር ነው። ጥያቄውን ያነሳው ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ የፈለገ አይመስለኝም። «ትምህርት ቤት ከሸመደድነው በኋላ ለምን የትም አንሰማውም?» ማለቱ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ ከዴሲ ሜትር እንለየው። «ዴካ» የግሪክ ቃል ነው፤ አሥር ማለት ነው። «ዴሲ» የመጣው ከላቲን ሲሆን አንድ አሥረኛን ያመለክታል። ስለዚህ ዴካ ሜትር የሜትር አሥር እጥፍ ነው። ዴሲ ሜትር ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1795 በወጣው የፈረንሳይ የልኬት ሕግ ውስጥ ይገኛሉ። የዚያን ጊዜው አሰያየም ለማስታወስ ይረዳል፤ የሚያበዙት ቅጥያዎች (ዴካ፣ ሄክቶ፣ ኪሎ) ከግሪክ፣ የሚያሳንሱት (ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ) ከላቲን ተወሰዱ።

በምህጻረ ቃል ሲጻፉ የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት። ዴሲ ሜትር «ዲ ኤም»፣ ዴካ ሜትር «ዲ ኤ ኤም» ነው። መሀል ያለችው «ኤ» ከተዘለለች 30 ሜትር የነበረው ነገር 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። ስትተረጉሙ እዚች ጋ ቆም በሉ።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ከ1 እስከ 1000 ባለው ርቀት ሜትር ራሱ ስለሚበቃ ነው። «4 ዴካ ሜትር» ከማለት «40 ሜትር» ማለት ይቀላል፤ ሰሚውም አያሰላም። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ውስጥ ዴካ ሜትር መጠቀም ስህተት ባይሆንም አማርኛውን ያሻክረዋል፤ እኔ ብሆን አልጽፈውም።

ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። የመሬት ቀያሾች የመለኪያ ሰንሰለት በፈረንሳይ 10 ሜትር ነበር። ዛሬም ፈረንሳዮች ረጅሙን የመለኪያ ሜትር «ዴካ ሜትር» ይሉታል፤ 20 ሜትር የሚሆነው «ድርብ ዴካ ሜትር» ነው። ተማሪ የሚይዛት የ20 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያም «ድርብ ዴሲ ሜትር» ትባላለች።

ስፋት ላይ ሲመጣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሬ ዴካ ሜትር 10 ካሬ ሜትር አይደለም። ጎኑ 10 በ10 ስለሆነ 100 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ስፋት በሜትሪክ ሥርዓት የራሱ ስም አለው፤ «አር» ይባላል። እዚያ ስም ፊት «ሄክቶ» (መቶ ማለት ነው) ሲቀጠልበት ነው ሁላችንም የምናውቀው ሄክታር የተገኘው። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ውስጡ 100 ካሬ ዴካ ሜትር አለ። በሌላ አነጋገር፣ ሄክታር ባልን ቁጥር ዴካ ሜትርን ሳናውቀው እየተጠቀምንበት ነው።

በሬዲዮም አለ። የሞገድ ርዝመታቸው ከ10 እስከ 100 ሜትር የሆኑት «ዴካ ሜትራዊ ሞገዶች» ይባላሉ። ድግግሞሻቸው ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ በተለምዶ አጭር ሞገድ የምንለው ማለት ነው። ፕላኔቷ ጁፒተርም በዚሁ ክልል የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው።

ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ቦታ ግን የአየር ትንበያ ነው። ትንበያ ባለሙያዎች የአየር ግፊቱ 500 ሄክቶ ፓስካል የሚደርስበትን ከፍታ በካርታ ላይ በመስመር ያሳያሉ። ከፍታው 5,500 ሜትር አካባቢ ነው። መስመሮቹ ላይ ቁጥሩን ለማሳጠር በዴካ ሜትር ይጻፋል፤ 5,520 ሜትር «552» ይሆናል። በዚሁ ካርታ ላይ ሄክቶም ዴካም ጎን ለጎን ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ካርታ የሚተረጉም ሰው «552 ሜትር» ብሎ ከጻፈ ከፍታውን ወደ አንድ አሥረኛ አወረደው። ወይ «552 ዴካ ሜትር» ብሎ ይተወው፣ ወይ አባዝቶ «5,520 ሜትር» ይበል።