አሠሪዬ «ጥቁር ፓንትስ» ያለኝ የትኛውን ልብስ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆቴል በመስተንግዶ ሥራ ተቀጥሬ ሰኞ ልጀምር ነው። የደረሰኝ መልእክት ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማና «ጥቁር ፓንትስ» ለብሼ እንድገኝ ያዝዛል። እኛ አገር ፓንት የምንለው የውስጥ ሱሪን ስለሆነ ትእዛዙ ግራ አጋብቶኛል። ቃሉ እዚህ ምን ማለት እንደሆነና ምን ዓይነት ልብስ መግዛት እንዳለብኝ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለሥራ አበቃዎት። በአሜሪካ ፓንትስ የሚባለው ከላይ የሚለበሰው ሙሉ ሱሪ ነው፤ የውስጡን አንደርዌር ይሉታል። ለመስተንግዶ ሥራ ጂንስ ብዙውን ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ሱቅ ሲገቡ «ድሬስ ፓንትስ» ወይም «ስላክስ» ብለው ይጠይቁ። በሱሪው ላይ 32 እና 30 የሚሉ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ቢያዩ፣ የመጀመሪያው የወገብ ዙሪያ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከብሽሽት እስከ ታች ያለው የእግሩ ርዝመት ነው። ሁለቱም በኢንች የተለኩ ናቸው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ማለት ወደ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ ቢተርፍ ማንኛውም ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያሳጥረዋል፤ ወገቡን ማስተካከል ግን ከዚያ ይከብዳልና ሲመርጡ ወገቡን ያስቀድሙ።

መልስ (ከለንደን)፦
እዚህ ብሪታንያ ነገሩ የተለየ ነው። ፓንትስ የውስጥ ሱሪ ሲሆን የላዩ ትራውዘርስ ይባላል፤ በአገራችን የለመድነው ትርጉምም ከዚህኛው ጋር ይገጥማል። ከአሜሪካ ወደዚህ የሚመጣ ሰው በሥራ ቦታም ሆነ በልብስ መደብር ትራውዘርስ ቢል ይሻለዋል።

መልስ (ከሚኒሶታ)፦
ከላይ የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ እኔ ስለ አቆጣጠሩ ልጨምር። እኛ «አንድ ሱሪ ገዛሁ» እንላለን፤ ጥንድ የምንለው ለካልሲና ለጫማ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሱሪው አንድም ቢሆን «ፓንትስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ይጠራል፤ ሲቆጠርም «ኤ ፔር ኦፍ ፓንትስ» (አንድ ጥንድ ፓንትስ) ይባላል። ስለዚህ አሠሪዎ «ቱ ፔርስ» ይዘው እንዲመጡ ቢያዝዙዎት የሚፈለገው ሁለት ሱሪ እንጂ አራት አይደለም። በመስተንግዶ ሥራ ወጥና መጠጥ መፍሰሱ ስለማይቀር፣ አቅምዎ ከፈቀደ ከመጀመሪያው ሁለት ገዝተው እያፈራረቁ ቢለብሱ መልካም ነው።