በመሥሪያ ቤቴ ግዥ ላይ ያየሁትን ማጭበርበር ለማን ልጠቁም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ነው። ለክፍያ የሚቀርቡልን ሦስት ፕሮፎርማዎች የተለያየ ድርጅት ማኅተም ቢኖራቸውም የስልክ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ፣ ዕቃው መጋዘን ሳይገባም ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት አይቻለሁ። ዝም ማለት ከብዶኛል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ኃላፊ ስለሆንኩ ሥራዬን እንዳላጣም እሰጋለሁ። ስሜን ሳልገልጽ መጠቆም እችላለሁ?

መልስ 1 (በንብረት አስተዳደር የሠራሁ)፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይጻፉ። «ግዥው ሁሉ ሌብነት ነው» የሚል ጥቆማ መርማሪን የትም አያደርሰውም። የሞዴል 19ኙ ቁጥር፣ የክፍያ ማዘዣው ቀን፣ የአቅራቢው ስም እና ዕቃው ገብቷል የተባለበት መጋዘን ከተገለጹ ግን መርማሪው ገቢ የተደረገውን ከሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) እና ከመጋዘን ቆጠራ ጋር አመሳክሮ፣ ምስክር ሳይጠራ እንኳ ጉድለቱን ሊያገኝ ይችላል። ዋናውን ሰነድ ከቢሮ አያውጡ፤ ቁጥሩን መያዝ ይበቃል፣ ሰነዱ ጠፋ ተብሎ በእርስዎ እንዳይላከክም ይጠብቅዎታል። ለባልደረባ በቴሌግራም መላክ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

መልስ 2 (ጠበቃ፣ ፒያሳ)፦
መሥሪያ ቤትዎ ፌዴራል ስለሆነ ጥቆማውን የሚያቀርቡት ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው፤ ጉዳዩ የወረዳ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የከተማው ቢሮ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የራሱ ኮሚሽን አለው። በአራዳ ክፍለ ከተማ የፌዴራሉም የከተማውም መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ስለሚገኙ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የምርመራና የክስ ሥልጣን በ2008 ዓ.ም. ከኮሚሽኑ ወጥቶ ለፌዴራል ፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ስለተሰጠ፣ በቀጥታ ለፖሊስ ማመልከትም ይቻላል። ስም ሳይገልጹ መጠቆም ይቻላል፤ ሆኖም መርማሪው ተጨማሪ ማብራሪያ ሲፈልግ የሚያገኝዎት መንገድ አይኖረውም።

ስለ ጥበቃው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን ከመሰወር እስከ መኖሪያ ማዛወር የሚደርሱ እርምጃዎችን ያካትታል፤ ነገር ግን ለማንኛውም ጥቆማ የሚሰጥ አይደለም። ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ፣ በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ላይም ከባድ አደጋ ሊደርስ የሚችል መሆን አለበት። የሙስና ቅጣት እንደ ድርጊቱና እንደ ጉዳቱ ክብደት ስለሚለያይ፣ ጉዳይዎ በዚህ ውስጥ መውደቁን ከመጠቆምዎ በፊት ሕግ ዐዋቂ ያማክሩ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን ላለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ባቀርበውስ?

መልስ 3፦
እኔ አልመክርዎትም። ክፍሉ በቅንነት ሊሠራ ይችላል፤ ግን ክፍያውን ያጸደቁት ኃላፊዎች በሚውሉበት ሕንፃ ውስጥ ጥቆማ ያስገባው ማን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አይፈጅም።

መልስ 2 (ጠበቃ፣ ፒያሳ)፦
በዚህ እስማማለሁ። ጥርጣሬዬ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እከሰሳለሁ ብለው ከሰጉም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 የሚቀጣው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የሚጠቁመውን ነው። በአካል ቀርበው ካመለከቱ ጥቆማዎ የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ጠይቀው ይያዙ፤ ከመሥሪያ ቤትም ሆነ ከቢሮ ኮምፒውተር ውጭ ያስቀምጡት።