ማርቲን ኤስሊንን ከየት ልጀምረው?

ጥያቄ (የቴአትር ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማርቲን ኤስሊን ሕይወት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ያነበብኩት ሁሉ «የአብሰርድ ቴአትርን ስም ያወጣ ሐያሲ» ብሎ ያልፈዋል፤ አብሰርድ የሚባለው የሰው ሕይወት ትርጉም የለሽ መስሎ የሚታይበት የቴአትር ዓይነት ነው። ከዚያ ሌላ ምን ሠራ?

መልስ (የሬዲዮ ድራማ አዘጋጅ)
ወንድሜ፣ ከሬዲዮ ጀምር። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ አሳልፌያለሁና ሰዎች ይህንን ሲዘሉት ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1940 ቢቢሲ ሲቀጠር ሥራው የውጭ ስርጭቶችን ማዳመጥ ነበር። ከ1963 እስከ 1977 የሬዲዮ ድራማ ክፍሉን መራ። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያስተማረው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1961 የታተመው «የአብሰርድ ቴአትር» የተሰኘው መጽሐፉ የሚከፈተው በእስር ቤት ነው። ኅዳር 1957፣ በካሊፎርኒያ የሳን ኩዌንቲን እስር ቤት፤ የሳን ፍራንሲስኮ ተዋንያን የጸሐፌ ተውኔቱን የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን ጥበቃ» ለ1,400 እስረኞች ሊያሳዩ ቀረቡ። ተውኔቱ የተመረጠው በአብዛኛው ሴት ገጸ ባሕርይ ስለሌለበት ነው። ተዋንያኑ ሰግተዋል። አዘጋጁ ኸርበርት ብላው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጃዝ እንደምትሰሙ አድርጋችሁ ስሙት አላቸው። የተማረውን የከተማ ተመልካች ያደናገረው ተውኔት ለእስረኞቹ ወዲያው ገባቸው። ኤስሊን ከንድፈ ሐሳቡ በፊት ይህንን አስቀደመ። አድማጩ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብዕር የማያነሣ ሐያሲ እንዲህ ነው የሚጽፈው።

መልስ (ሌላ አንባቢ)
ጋሼ፣ በሬዲዮው እስማማለሁ፤ እኔ ግን ስደቱን አስቀድም ነበር። በ1918 ቡዳፔስት ተወለደ፣ ቪየና አደገ፣ በታዋቂው የቴአትር አዘጋጅ በማክስ ራይንሃርት ትምህርት ቤት የቴአትር አዘጋጅነት ተማረ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ ነበርና፣ በብራሰልስ በኩል እንግሊዝ ገባ። በመጽሐፉ ያነሣቸው ጸሐፌ ተውኔቶች፣ አየርላንዳዊው ቤኬት፣ ከሩማንያ የመጣው ዮኔስኮ፣ ሩሲያ የተወለደው አዳሞቭ፣ ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ የጻፉትን ያነበበው ይህ ሰው ነው። አገሩን ያጣ ሰው ያንን ጽሑፍ ከሌላው ቀድሞ ቢሰማው አይደንቅም።

መልስ (የሬዲዮ ድራማ አዘጋጅ)
ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሌላው ጸሐፌ ተውኔት ዣን ዠኔ እዚያው ፈረንሳይ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው፣ በመጽሐፉም ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ስደት ሁሉን አያስረዳም። ኤስሊን ራሱም ጸሐፍቱ አንድ ቡድን እንዳልመሠረቱ ገልጿል፤ በእርሱ ስም ሁሉን በአንድ ከረጢት የሚጨምሩት ይህንን ቢያነቡ ደስ ባለኝ። ደግሞ በ1959 ስለ ጀርመናዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ስለ ብሬሽት ያሳተመውን አትርሳ። ባለቅኔውን ከፖለቲካ አቋሙ ጋር ያፋጠጠበት ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት ሐያሲነቱ መጀመሪያ የተፈተነው እዚያ ላይ ነው።